ሼርድ ፎልደራችን ውስጥ ማን አለ?

(በተመራቂዎች ዳግም መገናኛ ዕለት የቀረበ ንግግር)

«ሚሌኒየም ባች» እየተባልን ጎንደርን ከለቀቅን ይኸው አሥራ ሰባት ዓመት ሞላን። ፀጉራችንን ስናይ ደግሞ ሠላሳ ይመስላል፤ በተለይ የወንዶቹን።

እዚህ መድረክ ላይ ያወጣኝ የመጽሔቱ ኮሚቴ ነው። ባለፈው ክረምት ደወሉልኝና «አንድ ላፕቶፕ ላይ ሼርድ ፎልደር ከፍተናል፤ ሰው ሁሉ ፎቶውን፣ ደብዳቤውን፣ የድሮ ኖቱን እየላከልን ነው። ብዛቱ ከአቅማችን በላይ ሆነ። ስም ሲጻፍበት ፋይሉን የሚያወጣ ነገር አገናኚልን፤ አንቺ መሥሪያ ቤትሽ ሠርተሻል አሉ» አሉኝ። እውነት ነው፣ ሠርተናል። እሺ አልኳቸው፤ ግን ከማገናኘቴ በፊት በእናንተ ፊት አሥራ አምስት ደቂቃ ይሰጠኝ ብዬ ለመንኩ። ስለዚህ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪም ስለ ኮምፒውተር ስታወራ ትሰማላችሁ። ታገሡኝ።

የምሠራበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም። የእኛ ክፍል ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ አንድ ዴስክቶፕ ነበረ፤ እዚያ ላይ «ዲፓርትመንት» የሚል ሼርድ ፎልደር አለ። ከማዋለጃም፣ ከኦፕሬሽን ክፍልም፣ ከሬዚደንቶች ማደሪያም በኔትወርክ ይከፈታል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሁላችንም ያገኘነውን ከተትንበት። ፕሮቶኮል፣ የሞርኒንግ ሪፖርት፣ የሬዚደንት መመረቂያ ጽሑፍ፣ የዲዩቲ ፕሮግራም፣ ስካን የተደረገ ደብዳቤ። የፋይሎቹን ስም ታውቁታላችሁ፦ «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «ፋይናል የመጨረሻ»፣ «ይሄኛው ትክክለኛው»።

አንድ ሌሊት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሬዚደንቷ ደወለችልኝ። ኤክላምፕሲያ ያላት እናት ማግኒዥየም ሰልፌት እየወሰደች ሽንቷ ቀንሷል፤ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ወርዷል። ልጅቷ ጎበዝ ናት። መድኃኒቱን አቁማለች፣ የጉልበት ሪፍሌክስና ትንፋሽ እያየች ነው፣ ካልሲየም ግሉኮኔቱን አጠገቧ አስቀምጣለች። የፈለገችው ኩላሊቷ ለተጎዳ እናት እኛው ራሳችን የጻፍነውን የማስተካከያ ፕሮቶኮል ነው። «ዶክተር፣ ፎልደሩ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፤ አርባ ደቂቃ ፈለግሁት» አለችኝ። በቃሌ ነገርኳት። እናትየዋም ልጇም ደህና ወጡ። እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ ስልክ ባላነሳስ?

በማግስቱ የጤና መረጃ ቴክኖሎጂ ባለሙያችንን ጠራሁት። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ሲናገር ቀስ ይላል። «ክሮለር እንትከልበት» አለኝ። ምንድነው ብዬ ጠየቅሁት፤ ማስረዳት ሲጀምር እኔ የተረዳሁት በራሳችን ቋንቋ ነው፦ ራውንድ የሚዞር ኢንተርን። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ዟሪው» ነው የምለው።

ዟሪው በተሰጠው ፎልደር ይገባል፣ ከፎልደር ፎልደር እያለ እያንዳንዱን ፋይል ይከፍታል፣ ወርድ ይሁን ፒዲኤፍ ይሁን ፓወርፖይንት ጽሑፉን ብቻ ነቅሎ ያወጣል፣ ያወጣውን ለፍለጋ ሞተሩ ይሰጣል። የፍለጋ ሞተሩ ደግሞ እያንዳንዱን ቃል የት የት እንዳለ የሚያመለክት ማውጫ ያዘጋጃል፤ ኢንዴክስ የሚሉት ነው። የእኛው ኤፍኤስክሮለር የሚባለው ነበር፣ ነፃ ነው። ጽሑፍ የሚነቅልለት ቲካ፣ ማውጫውን የሚይዘው ኢላስቲክሰርች ይባላል። ካልቀየርከው በየ15 ደቂቃው ዞሮ አዲስና የተለወጠ ፋይል ያነሳል። ኢንተርን በየ15 ደቂቃው ራውንድ ይዙር ቢባል ምን እንደምንል አስቡት።

የማገናኘቱ ሥራ ወሬው ሲያልቅ ነው የሚጀምረው። መጀመሪያ ያሰናከለን ነገር ለእኔ አስቂኝ ነበር። ልጁ ሼርድ ፎልደሩን በራሱ ኮምፒውተር ላይ «ዜድ ድራይቭ» ብሎ ሰየመው፤ ዟሪውን በእጁ ሲያስነሳው ሁሉን ያያል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ ሰርቪስ አድርጎ ሲያስቀምጠው ግን «እንዲህ ያለ ድራይቭ የለም» ይላል። ሁለት ቀን ተጨነቀ። ለካ «ዜድ» የሚባለው ድራይቭ የልጁ ነው፤ እሱ በስሙ ሲገባ ብቻ ነው ያለው። ሰርቪሱ በሌላ ስም ነው የሚሠራው፣ ለእሱ «ዜድ» የሚባል ነገር የለም። መፍትሔው ሙሉ አድራሻውን መስጠት ነው፤ በሁለት ወደ ኋላ ያዘነበሉ ሰረዞች ተጀምሮ የኮምፒውተሩ ስም፣ ከዚያ የፎልደሩ ስም። ለሰርቪሱም የራሱ የሆነ የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ማውጣት፤ ማንበብ ብቻ የሚችል፣ መጻፍም ማጥፋትም የማይችል።

ሁለተኛው ስካነራችን ነው። አሮጌ ነው፤ ስካን ያደረገውን በቀጥታ ወደ ፎልደሩ የሚልከው በኤስኤምቢ አንደኛው ስሪት ብቻ ነው። «ክፈትለትና ይላክ» አልኩት። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ አለኝ። «ዶክተር፣ ይሄንን ልንከፍተው አይገባም» ብሎ የ2009ን ግንቦት አስታወሰኝ፤ ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና ያሰረዘው በዚያው አሮጌ ስሪት ቀዳዳ ተስፋፍቶ ነው። እንግዲህ እስከ ዛሬ ስካን የምናደርገው በፍላሽ ነው። አዎ፣ አሰልቺ ነው።

ፍላሽ ስል ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ዟሪው ፋይል ተለውጧል አልተለወጠም የሚለውን የሚያውቀው በመጨረሻ የተሻሻለበትን ቀን አይቶ ነው። የ2005 ፋይል ዛሬ ከፍላሽ ገልብጠህ ብታስቀምጥ ቀኑ የ2005 እንደሆነ ይቀራል፤ ዟሪው «ይሄ የድሮ ነው፣ አይቼዋለሁ» ብሎ ያልፈዋል። ሳያየው! ዞሬያለሁ እያለ ኖት የሚጽፍ ኢንተርን አጋጥሟችሁ ያውቅ የለ። በየጊዜው ከመጀመሪያው እንዲጀምር ማዘዝ ያስፈልጋል። እንዲሁም ካልነገርከው ከአንድ ፋይል የሚያነበው የመጀመሪያዎቹን 100,000 ፊደላት ብቻ ነው። የሬዚደንቶቻችን መመረቂያ ጽሑፍ መግቢያው እየተገኘ ምክረ ሐሳቡ የማይገኘው ለዚህ ነበር። አንባቢውም እዚያ አይደርስ ይሆናል፣ ቢሆንም።

አማርኛችን ግን እውነተኛ ሥራ ነበር፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የኮሚቴያችንም ፎልደር የሚያመው እዚሁ ላይ ነው። ስካን የተደረገ ደብዳቤ ለኮምፒውተሩ ፎቶ ነው፣ ጽሑፍ የለውም። ምስል የሚያነበው ፕሮግራም ቴሴራክት ይባላል፤ ሳይነገረው ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ይመስለዋል። የአማርኛውን ፋይል አውርዶ ማሰልጠኛው ላይ ሳይሆን መቼቱ ላይ «አማርኛና እንግሊዝኛ» ብሎ መጻፍ ነው፤ በደንብ የታተመ ደብዳቤ ከሆነ ያነበዋል። የእጅ ጽሑፍ አይሞክርም፤ የሐኪም እጅ ጽሑፍማ ፋርማሲስቱም አልቻለው። በቀድሞ ጊዜ በግዕዝ ፎንቶች የተጻፉት የባሰባቸው ናቸው። ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት የተጻፈ ፋይል ለዓይን «የእናቶች ጤና» ይላል፤ ውስጡ ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ነው። ዟሪው የሚያየው ውስጡን ነው። እነዚያን አትመን፣ ስካን አድርገን፣ መልሰን አስነበብናቸው።

ከዚያ ደግሞ ሞክሼ ፊደላት አሉ። አንዷ «ጽንስ» ትላለች፣ አንዱ «ፅንስ» ይላል፤ «ሐኪም»፣ «ሀኪም»፣ «ሃኪም»። ለማሽኑ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ልጁ ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ፤ ሰና ሠ አንድ፤ አና ዐ አንድ፤ ጸና ፀ አንድ የሚያደርግ ሰንጠረዥ ሠርቶ ማውጫው ሲዘጋጅም ሲፈለግም እንዲያልፍበት አደረገ። የአማርኛ መምህራን ይቅር ይበሉን፤ ፋይሉ ላይ የተጻፈው እንደተጻፈ ነው፣ ማውጫው ብቻ ነው የሳተው። «የእናቶች»ና «ለእናቶች» ግን አሁንም ይለያዩበታል።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለክፍሉ ሠራተኞች አሳየነው። ሬዚደንቷ «ማግኒዥየም ኩላሊት» ብላ ጻፈች፤ ፕሮቶኮሉ ወዲያው ወጣ፣ የተፈለጉት ቃላት በቢጫ ቀለም ተሰምሮባቸው። ክፍሉ አጨበጨበ። ሁሉም ተራ ይዞ መሞከር ጀመረ። ከሁላችንም በላይ ልምድ ያላት አዋላጃችን፣ ብዙዎቻችሁን ያዋለደች ብትኖር እንደ እሷ ያለች ናት፣ እየሳቀች መጣችና የራሷን ስም ጻፈች። ሰው አዲስ ነገር ሲያገኝ መጀመሪያ የሚፈልገው ራሱን ነው፣ አይደል?

አንድ ፋይል ብቻ ወጣ። ከስምንት ዓመት በፊት የሞተች እናት ጉዳይ ነው። የሟቿ ሙሉ ስም፣ ዕድሜዋ፣ ቀበሌዋ አለ። ከዚያ በቢጫ የተሰመረ የአዋላጃችን ስም አለ፤ «በሰዓቱ ተረኛ የነበረችው» ከሚለው ቀጥሎ። ከዚያም «ዘግይታ» የሚል ቃል። ሃያ ሰው ያየዋል፣ በፕሮጀክተር።

የእናቶች ሞት ምርመራ እንዴት እንደሚሠራ ከእናንተ መካከል የማሕፀን ሐኪም ያልሆናችሁም ታውቃላችሁ። እናት ስትሞት ኮሚቴ ይቀመጣል፣ ምን እንደጎደለ ይታያል፤ ወረቀቱ ላይ የእናቲቱም የባለሙያዋም ስም አይጻፍም። ሰው እውነቱን የሚናገረው ለዚህ ነው። ደም የዘገየው ለምን እንደሆነ፣ አምቡላንሱ የት እንደነበረ፣ ስሟ ቢጻፍ ማን ይነግረናል? የመጨረሻው ሪፖርት ላይ በርግጥም ስም አልነበረም። የወጣው ረቂቁ ነው። ስብሰባው ላይ የያዝኩት ማስታወሻ ነው፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ኋላ አስተካክለዋለሁ» ብዬ ፎልደሩ ውስጥ አስቀምጬው ሄድኩ። ስምንት ዓመት እዚያው ተቀምጧል፤ በሩ ሁልጊዜም ክፍት ነበር፣ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ብቻ ማንም አላየውም።

አዋላጃችን ምንም ሳትናገር ወጣች። ፕሮጀክተሩን አጠፋሁና ተከተልኳት። ልብስ መቀየሪያ ክፍል ቁጭ ብላ አገኘኋት። ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ረቂቅ መሆኑን፣ «ዘግይታ» ያልኩትም ስለ ደሙ እንጂ ስለ እሷ እንዳልሆነ ለማስረዳት ሞከርኩ። አልተቆጣችም። «ዶክተር፣ እኔ እኮ ረስቼው አላውቅም። ሌላው ሰው ነበር የረሳው» አለችኝ። ለዚህ የሚሆን መልስ እስከ አሁን የለኝም።

ያን ማታ ሰርቪሱን አቆምን። እኔ ወዲያው ረቂቁን ከፎልደሩ አጠፋሁና በቃ ብዬ ነበር፤ ልጁ «አልበቃም» አለኝ። ማውጫው ቃላቱን ብቻ ሳይሆን የተነቀለውን ጽሑፍ ሙሉ ቅጂ ይዟል። ዟሪውን ካቆምከው ፋይሉ መጥፋቱን አያውቅም፣ ቅጂው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ማውጫውን ከነሥሩ ሰረዝነው።

ከዚህ በፊት ያልገባኝ ነገር ያኔ ነው የገባኝ። ፎልደሩ ላይ ማን መግባት እንደሚችል፣ ማን ማየት እንደሚችል የሚወስን ፈቃድ አለ። ዟሪው ግን የሚገባው በራሱ ስም ነው፤ እሱ ማየት የሚችለውን ሁሉ ያነብና ወደ አንድ ሣጥን ይጨምረዋል። ከሣጥኑ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ለራሱ የተፈቀደውን ሳይሆን ለዟሪው የተፈቀደውን ነው። የእኛ ፎልደር ፈቃድ ደግሞ «ለሁሉም፣ ሁሉንም» የሚል ነበር፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ማን እንዳደረገው አይታወቅም።

የካርድ ክፍሉን ጋሼ አስታወሳችሁት? ኢንተርን ሳለን። የታካሚውን ስምና የአባት ስም ስንነግረው ከሺሁ መደርደሪያ መሐል በእጁ ዳብሶ የሚያወጣው። ፍጥነቱ ነበር የሚገርመን። እኔ የማስታውሰው ሌላ ነው። አንድ ቀን አብራን የምትማር ልጅ ተኝታ ታክማ ነበር፤ ምን እንዳመማት ለማወቅ ጓጉቼ ካርዷን ጠየቅሁት። ነጩን ጋዎን ለብሻለሁ፣ ተማሪ ነኝ፣ ለማስተማሪያ ነው አልኩ። ከመነጽሩ በላይ አየኝና «ማን ላከሽ? ራሷ ከሆነች ራሷ ትምጣ» አለኝ። ካርዱ የት እንዳለ አሳምሮ ያውቅ ነበር። ያቺ ልጅ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለች፤ ይቅርታሽን አሁን እጠይቃለሁ።

ከዚያ ሦስት ወር ቅዳሜ ቅዳሜን ፎልደሩን በእጃችን አገላበጥን። እኔ፣ ሬዚደንቷ፣ ልጁ፣ ኋላም ራሷ አዋላጃችን። ያገኘነውን ብነግራችሁ! ገና ያልተሰጠ የፈተና ጥያቄ። የአንድ ባልደረባችን የሕመም ፈቃድ ከነምርመራው። ፊታቸው የሚታይ ታካሚዎች ፎቶ፣ ለሴሚናር ተብሎ የተነሳ። የአንዲት ሬዚደንት የፍቅር ደብዳቤ፤ የት እንደደረሰ አላውቅም፣ ለባለቤቱ መለስን።

መጀመሪያ ያሰብነው «የማይነካውን እንለይ» የሚል ነበር። ፕሮግራሙም ይፈቅዳል፤ የማይፈለግ ፎልደር ውስጥ በነጥብ የሚጀምር አንዲት ባዶ ፋይል በተወሰነ ስም ካስቀመጥክ ዟሪው ያንንም ከሥሩ ያሉትንም አይገባባቸውም፤ የማግለያ ክፍል በር ላይ እንደምንለጥፈው ምልክት። ግን ምልክቱን መለጠፍ የረሳ ሰውስ? እኔ ነኝ የመጀመሪያዋ። ስለዚህ ገለበጥነው። «ለፍለጋ» የሚል አዲስ ፎልደር ከፈትን፤ ሁለት ሰው አንብቦ ያለፈው ፋይል ብቻ ወደዚያ ይገባል፤ የዟሪው መግቢያ ስም ደግሞ ከዚያ ፎልደር በቀር ምንም የማየት ፈቃድ የለውም። መቼቱን አንድ ሰው ቢያበላሸው እንኳን ሌላው በር ተቆልፎበታል። መፈለጊያውም በስምና በይለፍ ቃል ሆነ። ከ11 ዓመቱ ክምር ወደ «ለፍለጋ» ያለፈው ከሲሶ በታች ነው፤ ፕሮቶኮሉ ግን ሁሉም አለ። ሌሊት የሚፈለገው እሱ ነው።

ይህንን ለእናንተ የምናገረው ብዙዎቻችሁ ዛሬ የክፍል ኃላፊ፣ ሜዲካል ዳይሬክተር፣ የክሊኒክ ባለቤት ስለሆናችሁ ነው። አሜሪካ ያላችሁትም ነግራችሁኛል፤ «ፎልደርዎን ያገናኙ፣ ጥያቄዎን ይመልሳል» የሚሉ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሻጮች በየሳምንቱ ይመጣሉ። ከጀርባው ያለው ያው ዟሪ ነው፤ የሚለየው መልሱን አሳምሮ መናገሩ ነው። አገራችንም አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት፤ የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ ታስገባለች። ቢሆንም ያን ዓርብ አዋጁ ይኑር አይኑር ያቺ ሴት ከክፍሉ መውጣቷ አይቀርም ነበር።

አሁን ወደ ላፕቶፓችን ልመለስ። የኮሚቴውን ፎልደር ሁለት ምሽት አየሁት። ደስ ይላል፤ የመጀመሪያ ዓመት የዶርም ፎቶ፣ የእግር ኳስ ቡድኑ፣ የምረቃ ግብዣው ምናሌ ሳይቀር። ግን ከዚያው ጋር የሙሉ ባቹ የሁለተኛ ዓመት የአናቶሚ ውጤት ከነስማችን አለ። አንድ ጓደኛችን ለዲን የጻፈው የዕረፍት መጠየቂያ ደብዳቤ አለ፣ ምክንያቱን ዘርዝሮ። ዛሬ አብረውን የሌሉት የሦስቱ ጓደኞቻችን ወረቀቶችም አሉ፤ ስለ እነሱ የምንጠይቀው ቤተሰባቸውን ነው። ሳይጠየቅ ማን ምን እንደላከም አይታወቅም።

ስለዚህ ዟሪው እስከ ዛሬ አልተገናኘም። ኮሚቴውን «ለፍለጋ» የሚል ፎልደር አስከፍቻለሁ፣ ለጊዜው ባዶ ነው። መግቢያው ላይ በተቀመጠው ጠረጴዛ አንድ ዝርዝር አለ፤ ስማችሁ ያለበት ፋይል ሁሉ ቁጥር ተሰጥቶት ተጽፏል። ይግባ የምትሉትን ፈርሙበት፣ አይግባ የምትሉትን ሰርዙት፣ ፊታችሁ እንዲወጣ የማትፈልጉትን ፎቶ ምልክት አድርጉበት። የአናቶሚ ውጤቱን እኔው ራሴ ሰርዤዋለሁ፤ ያገኘሁትን የሚያስታውስ ሰው ካለ በምሳ ሰዓት ዝም ይበልልኝ። እስክሪብቶ ሁለት ብቻ ነው ያለው፣ ይዛችሁ እንዳትሄዱ።